በዚህ ቤት ድስት አርሮ አያውቅም

መስከረም 18

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፦

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይድረስሽ። ጉልበትሽ የበረታ፣ እንቅልፍሽ የጣፈጠ ይሁንልሽ። እኔና እማ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ዓይንሽን እያስቸገረሽ እንደሆነ ነግረሽን ነበር፤ ተሻለሽ ወይ?

ስልክ እያለ ወረቀት ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፤ እማ ደግሞ ወንበሯን እዚያው አጠገቡ ተክላ ትውላለች። ገና "ሃሎ" ከማለቴ ቃል ትለቅማለች። የምጠይቅሽ ነገር ደግሞ እሷ ልትሰማው የማይገባ ነው። እንዳትስቂ ብቻ። ያረረ ድስት እንዴት ነው የሚጸዳው?

ድስቱን ታውቂዋለሽ፤ ያ ትልቁ የአያቴ አሉሚኒየም ድስት፣ ባሕር ማዶ ስትሄጂ "ለትዝታ ይሆነኛል" ብለሽ ክዳኑን ብቻ ይዘሽበት የሄድሽው። ከዚያ ወዲህ እማ በሳሕን ነው የምትከድነው። ባለፈው ሳምንት ምስር ጣደችበት። እኔ ጓዳ ሆኜ ጋዜጣ ላይ የሥራ ማስታወቂያ እለቅማለሁ። ሽታው ሲመጣ ብድግ ብዬ ብሮጥ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል፣ ምስሩ ከሰል ሆኗል። እማ ሳሎን ቁጭ ብላ "እነዚህ ጎረቤቶች ደግሞ ምን እያቃጠሉ ነው?" ትለኛለች።

አስቢው እስቲ! ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጨርሳ፣ ያንን ሁሉ ተማሪ አብልታ፣ አንዲት ማንኪያ ሩዝ አሳርራ የማታውቅ ሴት። "በእኔ ምድጃ ድስት አርሮ አያውቅም" የሚለውን ፉከራዋን እኔ ፊደል ሳልቆጥር በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት።

ድስቱ አሁን አልጋዬ ሥር ነው። በቅየሳ ተመርቆ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የተነሣ ጎልማሳ ያረረ ድስት ደብቆ ይተኛል ብሎ ማን ያምናል? በቢላ ልፋቀው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ድስቱ እንደተወጋ ሰው ጮኸብኝና ተውኩት።

ሌላው ወሬዬ፣ ለመንገድ ሥራ ቀያሽ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ አመልክቻለሁ። ቦታው ሩቅ ነው፣ ተራራ ለተራራ። ባለሦስት እግሩ መሣሪያ ሥር አጎንብሼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ገና ያልተሠራ መንገድ ሳይ በሕልሜ ሁሉ ይታየኛል። ጸልዪልኝ። ለእማ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ድስቱን ማለቴ ነው።

ድስት ደባቂው የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 21

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለቀያሹ፦

እደግ፣ ተመንደግ። የረገጥከው ይቅናልህ፣ የያዝከው ይባረክልህ። እህቴን ግንባሯን ሳምልኝ። ዓይኔ እንደነበረው ነው፤ ጠዋት ይቀላል፣ ማታ ያለቅሳል፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ቀኑን የሚቆጥረው።

ደብዳቤህን ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ብቻዬን ስንከተከት፣ መተኮሻው ላይ ያለችው ሴትዮ "ይህቺ ደግሞ ለየላት" ብላ አየችኝ።

ቢላ! ቢላ ብሎ ነገር የለም። ያረረ ድስትና የተቆጣ ሰው በጉልበት አይሆንልህም፤ ማለሳለስ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ውኃና አቼቶ ቀላቅለህ ያረረው እስኪሸፈን ሙላበት፤ አቼቶ ከሌለ ሎሚ። ቀስ አድርገህ አፍላው፣ አውርደውና እንዲያድር ተወው። ጠዋት በእንጨት ማንኪያ ገፋ ስታደርገው እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሣልሃል። የቀረችውን በጨው ፈትጋት። ቤኪንግ ሶዳ የሚሆነው ለማይዝገው ድስት ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ያፈላኸው እንደሆነ ያጠቁረዋል። አመድም እንደዚያው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ በሰው ልኬልሃለሁ፤ በስሱ ነው ታዲያ፣ ጎረምሳ እጅህን አታሳርፍበት።

አሁን አደራዬን ስማ። እናትህ እንዳታየው። ልጆች ሆነን ወተቱን የማሳርረው እኔ ነበርኩ፤ ከእናታችን ዓይን ቀድማ ድስቱን የምታጥብልኝ እሷ። "ሳይታይ የታጠበ ድስት እንዳላረረ ይቆጠራል" ትለኝ ነበር። በዚህ ሕግ ነው ያደግነው፤ ስንት ዱላ አዳነኝ መሰለህ! አሁን ተራው ያንተ ነው። እሷ ሳታይ አጥበህ በሚስማሩ ስቀልላት፣ አለቀ።

አንድ ቀን ማሳረር ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ሐሳብ ይዟት ይሆናል። እኔም እንዳልኳችሁ ዓመቱ ሲያልቅ ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ ክዳኑንም ይዤ። ድስት ግጣሙን አያጣም ይባል የለ?

አክስትህ


ኅዳር 8

ለምትናፍቂኝ አክስቴ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ደስታሽን ያብዛልኝ፤ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ወሬው ልሩጥ።

ተነሣ! አክስትዬ፣ ተነሣ! እንዳልሽው አፍልቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት በማንኪያው ጠርዝ ገፋ ባደርገው ግማሹ ቅርፊት አንድ ላይ ተላጠ። እጄ ላይ ይዤ እንደ አዲስ አገር ካርታ አየሁት። የቀረውን በጨው። አሁን ፊትሽን ታዪበታለሽ።

ከዚያ ወዲህ እጄን አፍታትቻለሁ። የወተት ድስቱ አረረ፤ አጸዳሁት። መጥበሻው አረረ፤ አጸዳሁት። ማንቆርቆሪያው ውኃው አልቆ ደርቆ ቂጡ ሊወድቅ ደረሰ፤ እሱን ቀብሬ ሌላ ገዛሁና በቦታው አስቀመጥኩ፣ እማም አላወቀች። ከሰዓት ጋደም ስትልልኝ ዕቃዬን ይዤ ወደ ጓሮ ነው። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ፣

"ምሩቅ! ዲግሪህን ነው የምትፈትገው?" አለኝ።

"አዎ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ልየው ብዬ ነው።"

"እና ምን አለው?"

"ገና አልደረስኩበትም።"

"አይዞህ፣ ሰፊው ሲሞት ነው ጫማው የሚያልቀው" አለና ስቆ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ሥራውን አገኘሁት! ከጥር ጀምሮ። ዋናው ቀያሽ ራሳቸው ፈትነውኝ "ዓይንህ ቀጥ ያለ ነው" አሉኝ። በደስታ ከከተማው ማዶ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ።

ቤት ስገባ ባዶ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። ውኃ የለው፣ እህል የለው፤ ቂጡ ቀልቷል። እማ ወዲያ ወዲህ እያለች ሳሕን ታዘጋጃለች። "እማ፣ ሥራ አገኘሁ!" አልኳት። አቀፈችኝ፣ መረቀችኝ፣ እንባዋ መጣ። ከዚያ "ለአባትህ ነገርከው? ሳይበላ እንዳይወጣ፣ ምሳው ደርሷል" አለችኝ።

አባቴን አብረን ነው የቀበርነው፣ አክስትዬ። አንቺም መጥተሽ ነበር።

እስካሁን በቀልድ ስጽፍልሽ የነበረው እንዲህ ያለው ነገር ነው። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ አሁን የማያርርበትን ቀን ነው የምቆጥረው። እኔ ከሄድኩ እሳቱን ማን ያጠፋል? የዓመቱን መጨረሻ አትጠብቂ፤ ከጥር በፊት ድረሽልኝ። ሽቦ አትላኪ፤ አንቺ ነይ። አፈር ስሆንልሽ።

የእህትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 27

ለእህቴ ልጅ፦

በረከት ከደጃፍህ አይራቅ። ለሥራህ እንኳን ደስ ያለህ፤ አባትህ ቢኖር ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ይዞር ነበር። መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዛ፣ ዓይኔም ቀን እንጂ መብራት አይወድም።

እናትህን በስልክ አናገርኳት፤ አንተ ቤት አልነበርክም። ስለ ልጅነታችን አነሣሁባት። ወንዝ ወርደን የጠፋብኝን ቀይ ቀበቶ፣ ማን እንዳገኘው፣ እናታችን ምን ብላ እንደሰደበችኝ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ። ስድቡን እንኳ በድምፅዋ! እስክንታነቅ ሳቅን። የሚረሳ ሰው እንዲህ ያወራል ወይ?

ስለ አባትህ መጠየቋን አሰብኩበት። ባሏን የወደደች ሴት አንዳንዴ ትጠይቃለች። እኔም ስለ ሟቹ ባሌ እጠይቃለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ስለሌለ ነው እንጂ።

ክፉ አስቤ አይደለም፤ ግን ወጣት ሥራ ሲያገኝ እግሩን ይበላዋል። እግሩን የሚበላው ሰው ደግሞ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። ለማንኛውም ነጋዴው የባሌ ወንድም በጥር መግቢያ ወደ እናንተ ይመጣል። እሱ ዓይነ ጠንካራ ነው፤ ጨርቅ በጣቱ ዳብሶ ዋጋውን የሚያውቅ። ይየውና ይንገረኝ። አሳርራ ካገኛት፣ በሞቴ፣ ዕቃዬን ሸክፌ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።

አክስትህ


ጥር 15

ለአክስቴ፦

እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ ዓይንሽን ይማርልኝ።

ነጋዴው መጡ። መጥተውም ሄዱ።

እማን የዚያን ቀን ምን እንደነካት አላውቅም። ቀሚሷን ቀይራ፣ ሻሿን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመችና "ሆድህ ቀድሞህ ገባ፤ አንተ ራስህ መቼ ነው የምትመጣው?" ብላ ተቀበለቻቸው። ሳቃቸው ውጭ ድረስ ተሰማ። ምስር ሠራች። ጨው አልበዛ፣ አላነሰ። እኔ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ "እባክሽ እማ፣ ዛሬ ብቻ አሳርሪ" ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩት። ልጅ በእናቱ ላይ እንዲህ ብሎ ይመኛል? ተመኘሁ። አላረረም።

ነጋዴው እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ድስቶቹ በየሚስማራቸው ተሰቅለው ያበራሉ። ትልቁን አውርደው ቂጡን ገልብጠው አዩት፤ ውስጡን አዩት፤ ከዚያ እንደ መስተዋት ይዘው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አቀኑበት። "ይህን የመሰለ ድስት ሱቅ ውስጥ እንኳ የለም" አሏት።

"በዚህ ቤት ድስት አርሮ አያውቅም" አለች እማ።

ስሸኛቸው ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ባዶውን ድስት፣ ጢሱን፣ አባቴን። ሰምተው ሲጨርሱ ትከሻዬን ይዘው "እንግዲያው አንድ ያረረ ድስት አሳየኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

አልነበረኝም፣ አክስትዬ። በዋዜማው ሁሉንም ፈትጌ ሰቅዬ ነበር። እጄ ለመደብኝ፤ አንቺም አደራ ብለሽኛል። ያለኝን አንድ ምስክር በገዛ እጄ በአቼቶ አጥቤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ነጋዴው ራሳቸውን ነቅንቀው ፈገግ ብለው ወደ መኪናው ገቡ። በማግስቱ ድንቹ አረረ።

ዋናውን ቀያሽ ለምኜ እስከ የካቲት ማለቂያ ቦታዬን ሊይዙልኝ ፈቀዱ። "ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ አይጠብቅህም" ብለውኛል። ነጋዴው የሚሉሽን አትስሚ፤ እኔን ስሚኝ። እኔ ነኝ ጥቁሩ ጥፍሬ ሥር ያለው።

የእህትሽ ልጅ


የካቲት 20

ለእህቴ ልጅ፦

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለዚያም ቤት።

ነጋዴው ሁሉንም አጫወተኝ። እህቴ ደህና ናት አለኝ፤ ድስቱ መስተዋት ነው አለኝ። አንተ ደግሞ ከሳህ አለኝ። ብላ እንጂ ልጄ።

ዓመቱ ሲያልቅ ያልኩትን እርሳው። ምክንያት መደርደር አያቅተኝም፤ ዓይኔ አለ፣ ሥራዬ አለ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ አለ። አልደረድርብህም። እዚህ ሌላ ሰው አንሶላ ሳጥፍ የምኖረው አንድ ደጃፍ እያሰብኩ ነው። በዚያ ደጃፍ ገብቼ እህቴ ቀና ብላ "ማን ልበል?" ያለችኝ እንደሆነ ሌላ የማስበው ደጃፍ የለኝም። ድስቱ ያበራል ብሎኛል። በድስቱ ልመን፣ ተወኝ።

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ ክዳኑን አስይዤዋለሁ። ከድስቱ ጋር ይሁን።

አክስትህ


መጋቢት 6

ለአክስቴ፦

ይህ ሰላምታ ከሁለታችን ነው። እማ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ መነጽሯ ስለጠፋ የምጽፈውን አታነበውም።

ክዳኑ ከደብዳቤሽ ጋር ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልጽፍልሽም።

ነጋዴው በየካቲት የመጨረሻው ሰንበት እንደሚመጡ አስቀድመው ደውለው ነበር። ዕድሌ በእጄ ገባ አልኩ። ቅዳሜ ማታ ትልቁ ድስት ሩዝ ይዞ አረረ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ የባሰ፣ ጠርዙ ድረስ የጠቆረ። እሳቱን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ አልነካሁትም። ጨርቅ ጣል አድርጌበት ምድጃው ላይ ተውኩት። "ነጋዴው ይዩት፣ ያሽትቱት፣ አሳየኝ ያሉት ይኸው" አልኩ። ሌሊቱን ሻንጣዬን ሳሰናዳ አደርኩ። ሰው በእናቱ ጥቁር ድስት ይህን ያህል ደስ ይለዋል? ደስ አለኝ።

ሰንበት ጠዋት እማ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ኖሮ፣ ወጥ ቤት ስገባ ጨርቁን ገልጣዋለች። ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። የአያቴን ድስት።

"ይህን ማነው ያሳረረው?" አለች።

በቤቱ ያለነው ሁለት ነን፤ ሌላ ሰው የለም። ስሌቱ እሷም ዘንድ ሲደርስ በፊቷ ላይ አየሁት። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም፣ አክስትዬ፤ ልትገረፍ እንደቆመች ሕፃን ነበር የምታየኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "አንቺ ነሽ" ማለት ብቻ። ነጋዴው ሳይመጡ፣ ድስቱ እጇ ላይ እያለ።

"እኔ ነኝ እማ፤ ማታ ጥጄው ረሳሁት" አልኳት።

ፊቷ በራ። እልሻለሁ፣ መብራት እንደመጣለት ቤት ነው የበራው። "ወይ የኔ ልጅ! ወንድ ልጅ መች ድስት ያውቃል? እኔ ደግሞ ምን ሆኜ ነው ብዬ..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እጅጌዋን ሰበሰበች። አቼቶውን የማስቀምጥበትን ያውቃል እጇ፤ ሳትፈልግ አገኘችው። አፈላችበት፣ አቀዘቀዘች፣ በእንጨት ማንኪያ ገፋች። "እየው፣ በጉልበት አይደለም፤ አለስልሰው" እያለች አስተማረችኝ። አጠገቧ ቆሜ ተማርኩ። ለአንቺ ታጥብልሽ የነበረው እንዲህ ነበር ለካ።

ነጋዴው ሲደርሱ ድስቱ ያበራል። ክዳኑን ከጋዜጣው ፈትተው ሰጧት። "የት ወድቆ ኖሯል? ትናንት ቤቱን ሙሉ ስፈልገው ነበር" አለችና ገጠመችው። ልክክ አለ። ከዚያ በእኔ ላይ መሳቅ ጀመሩ። "ሩዝ አሳርሮብኝ፣ ደብቆኝ!" ስትላቸው ነጋዴው ሆዳቸውን ይዘው፣

"ይህ ነው ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ብቻውን ሊኖር የሚያስበው?" አሏት።

"የት አባቱ! እሳት ማጥፋት የማያውቅ ልጅ እንዴት ብዬ እለቃለሁ? እሱን ጥዬ ዓይኔ እንቅልፍ ያያል?" አለች።

ሻንጣውን እሷው ራሷ ፈታችው። ሸሚዞቼን አጥፋ መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ስታስገባ ዘፈን ነገር ታንጎራጉር ነበር። ለዋናው ቀያሽ ደወልኩ፤ ስልኩ ያለው ሳሎን ስለሆነ ብዙም አልተናገርኩም። "በሰላም ቆይ፤ ሌላ ልጅ አለ" አሉኝ። ደህና ሰው ናቸው።

አሁን ጎረቤቱ ሁሉ እኔ እንደማሳርር ያውቃል። ጫማ ሰፊው በአጥሩ ቀዳዳ "ምሩቅ፣ ዛሬስ ምን ነደደ?" ይለኛል። ሲያርርም "እኔ ነኝ" እላለሁ፣ ትቆጣኛለች፣ ታጥባለች፣ ትሰቅለዋለች። ከሰዓት ጋደም ስትል የቀረውን የምፈትገው እኔ ነኝ። አቼቶ እዚህ አይጠፋም፤ ምንም እንዳትልኪ።

"ለእህትሽ ነው የምጽፈው፤ ምን ልበልልሽ?" አልኳት አሁን። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። ቃል በቃል እንዲህ አለች፦

"ሰላም በልልኝ። ልጁ ትንሽ ያሳርራል እንጂ ደህና ነው፣ አታስቢ በላት። እኔ አለሁለት።"